የሃንጋርኛ ቴሌቪዥን ታሪክ በሃንጋሪ ድንበር አያበቃም

ጥያቄ፦ «በሃንጋሪ መንግሥት ነጻ የትምህርት ዕድል ቡዳፔስት ውስጥ የመገናኛ ብዙኃን ትምህርት የምከታተል ኢትዮጵያዊት ነኝ። ‹የሃንጋርኛ ቴሌቪዥን ሥርጭት ዕድገት› በሚል ርዕስ የማሟያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። እስካሁን የያዝኩት እንዲህ ይላል፦ ቴሌቪዥኑ በ1957 ከሞስኮ መጣ፤ እስከ 1989 የፓርቲው ልሳን ሆኖ ቆየ፤ ሥርዓቱ ሲወድቅ ነጻ ወጣ፤ በ1992 ደግሞ ዱና ቴሌቪዥን እንደ እኛ የዳያስፖራ ጣቢያዎች ለስደተኞች ተከፈተ። አከፋፈሌ ትክክል ነው? የጎደለውስ ምንድን ነው?»

ምላሽ፦

ርዕስዎ ስለ ሃንጋርኛ ይላል፤ የያዙት ዝርዝር ግን የሚያወራው ስለ ሃንጋሪ ነው። አገሪቱንና ቋንቋውን አንድ አድርጎ ማየት በዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ብዙ ሰዎች የሚሠሩት ስህተት ነው። የቀሩት ስህተቶችም ከዚሁ የሚመነጩ ስለሆኑ ከመጨረሻው ዐረፍተ ነገርዎ፣ ከዱና እጀምራለሁ። ዘመኖቹን እንደ እርስዎ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ሃንጋሪ በ1920 በተፈረመው የትሪያኖን ውል ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነውን አጣች። ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሃንጋርኛ ተናጋሪዎች በዚያ ፊርማ የሩማኒያ፣ የቼኮስሎቫኪያ፣ ኋላ ዩጎዝላቪያ የተባለችው አገርና የኦስትሪያ ነዋሪዎች ሆኑ። እነዚህ ሰዎች አልተሰደዱም። እርሻቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸውና መቃብራቸው በነበረበት ነው፤ የተነሣው ድንበሩ ነው። ቋንቋው ራሱ ልዩነቱን ጠብቆ ይዞታል። እነዚህን «ሃታሮን ቱሊ» ይላቸዋል፣ ከድንበር ማዶ ያሉ ማለት ነው፤ ከ1956ቱ አብዮት በኋላ ወደ ምዕራብ የሸሹትን ወደ 200 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ግን «ኤሚግራንሽ» ብሎ ለይቶ ይጠራቸዋል። ዱና ቴሌቪዥን ዲሴምበር 24 ቀን 1992፣ በገና ዋዜማ፣ በሳተላይት ሥርጭት ሲጀምር በቅድሚያ ያሰበው የመጀመሪያዎቹን ነው። ስሙንም ያገኘው ከዳንዩብ ወንዝ ነው፤ ወንዙ ስሎቫኪያን፣ ሃንጋሪንና ሰርቢያን አቆራርጦ የሚያልፍ በመሆኑ ስሙ በራሱ ዓላማውን ይናገራል።

ስለዚህ ከእኛ የዳያስፖራ ጣቢያዎች ጋር ያደረጉት ንጽጽር መቅረት አለበት። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚተላለፉት የአማርኛ የሳተላይት ጣቢያዎች ከውጭ ሆነው ወደ አገር ቤት የሚናገሩ ናቸው፤ ያቋቋሟቸውም ግለሰቦችና ማኅበራት ናቸው። ዱና የተቋቋመው በአገር ቤት፣ በመንግሥት ገንዘብ ነው፤ የሚናገረውም ወደ ውጭ ነው። ከእኛ አካባቢ የሚቀራረብ ነገር ከፈለጉ ሶማሊኛን ወይም አፋርኛን ያስቡ፤ ቋንቋው አንድ፣ ድንበሩ ብዙ።

ለምን ሳተላይት አስፈለገ? እኔ በሙያዬ የማሠራጫ መሐንዲስ ስለሆንኩ እዚህ ላይ ጥቂት እቆያለሁ። የምድር ቴሌቪዥን ሞገድ እንደ ዓይን እይታ ነው፤ ማሠራጫው ቆሞ ሊያየው የማይችለውን ቦታ በደንብ አያገኘውም። ከድንበሩ አጠገብ ያሉት የደቡብ ስሎቫኪያ፣ የሰሜን ሰርቢያና የምዕራብ ሩማኒያ መንደሮች አንቴናቸውን ከፍ አድርገው ወደ ሃንጋሪ ካዞሩ የቡዳፔስትን ፕሮግራም ያገኙ ነበር። በሩማኒያ እምብርት፣ በካርፓቲያን ተራሮች ሥር ያለው የሴኬይ ምድር ግን በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ በርካታ ሃንጋርኛ ተናጋሪዎች ተጠጋግተው የሚኖሩትም እዚያ ነው። ለዚያ ሕዝብ ከሰማይ ካልሆነ በስተቀር ከምድር የሚደርስለት ማሠራጫ አልነበረም። ጽሑፍዎ ውስጥ ካርታ ያስገቡ፤ አንባቢው ይህን በካርታ ሲያየው ወዲያው ይገባዋል።

ደግሞም ዱና ከመምጣቱ በፊት ከሃንጋሪ ውጭ የተወለደ የሃንጋርኛ ቴሌቪዥን ነበር። በዝርዝርዎ ውስጥ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። የሩማኒያ ቴሌቪዥን በ1969 በቡካሬስት የሃንጋርኛ ፕሮግራም ጀመረ፤ በ1985 የአገሪቱ መሪ የነበረው የቻውሼስኩ መንግሥት ዘጋው፤ ከ1989ኙ ለውጥ በኋላ ተመለሰ። በዩጎዝላቪያ፣ የሰሜን ሰርቢያዋ ክፍለ ሀገር የቮይቮዲና ዋና ከተማ በሆነችው ኖቪ ሳድ፣ በ1975 የተከፈተው ጣቢያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሰርቦ-ክሮኤሽኛና በሃንጋርኛ የሚሠራ ነበር። የራሱ የሃንጋርኛ ዜና ክፍል፣ የራሱ ጋዜጠኞች ነበሩት። ሕንጻው በ1999 በኔቶ የአየር ድብደባ ፈረሰ። ይህን ጣቢያ በአንድ ዐረፍተ ነገር አይለፉት፤ ሃንጋርኛ ከቡዳፔስት ትእዛዝ ውጭ ሆኖ የዕለት ዜናውን በቴሌቪዥን የተናገረበት ቦታ ነውና።

አሁን ወደ መጀመሪያው ዐረፍተ ነገርዎ እንመለስ። «በ1957 ከሞስኮ መጣ» የሚለው ከፊሉ እውነት ነው። መደበኛ ሥርጭት የተጀመረበት ቀን ሜይ 1 ቀን 1957 ተብሎ ይከበራል፤ የተላለፈውም በቡዳፔስት የጀግኖች አደባባይ የተካሄደው የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ነበር። የ1956ቱ አብዮት በሶቪየት ታንክ ከተደመሰሰ ገና ስድስት ወር ነው። አዲሱ የፓርቲው መሪ ያኖሽ ካዳር ሥልጣኑን ለሕዝብ የሚያሳይበት ቀን ስለነበር ካሜራው እዚያ የተገኘው በአጋጣሚ አይደለም። ይሁን እንጂ የሙከራ ሥርጭቱ ከዚያ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር፤ ማሠራጫውንም የሚይዘው የሃንጋሪ ፖስታ መሥሪያ ቤት ነበር። መቀበያውንም ቢሆን በቡዳፔስት የኦሪዮን፣ በሴኬሽፌሄርቫር ደግሞ የቪዲዮቶን ፋብሪካዎች ያመርቱት ነበር። ከሞስኮ የመጣው የፖለቲካው መስመርና የቴክኒክ ደረጃው ነው። ዕውቀቱና እጁ የአገሬው ነበር።

የዚህ ዕውቀት ሥር ከቴሌቪዥን በፊት ይጀምራል። ቲቫዳር ፑሽካሽ በፌብሩዋሪ 1893 በቡዳፔስት «ቴሌፎን ሂርሞንዶ» የሚባል አገልግሎት ከፈተ፤ «ዜና ነጋሪ ስልክ» ብንለው ያስኬዳል። ደንበኛው ቤቱ ተቀምጦ፣ በሁለቱም ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ በየሰዓቱ ተለይቶ የወጣ ፕሮግራም ይሰማ ነበር፤ የአክሲዮን ገበያ ዋጋ፣ የፓርላማ ዜና፣ ማታ ላይ ደግሞ ከኦፔራ ቤት በቀጥታ የሚመጣ ሙዚቃ። ሬዲዮ ገና ሳይኖር አንድ ከተማ በሰዓት የተከፋፈለ ሥርጭት ለመደ ማለት ነው። ሌላው ካልማን ቲሃኒ ነው። በ1926 «ራዲዮስኮፕ» ብሎ ያስመዘገበው ፈጠራ፣ በካሜራው ቱቦ ውስጥ ብርሃን የፈጠረውን የኤሌክትሪክ ኃይል ሥዕሉ እስኪነበብ ድረስ አጠራቅሞ የሚይዝበትን መንገድ ያሳየ ነው። ዩኔስኮ ሰነዱን በ2001 በዓለም የማስታወሻ መዝገብ አስፍሮታል። ቲሃኒ የተወለደባት መንደር ዛሬ ያለችው ስሎቫኪያ ውስጥ ነው፤ ርዕስዎ ለምን የአገር ሳይሆን የቋንቋ መሆን እንዳለበት ለማስረዳት ይህ አንድ ሰው ይበቃዎታል።

«እስከ 1989 የፓርቲው ልሳን» የሚለው አባባልም ያልተጣራ ነው። ዜናው የፓርቲው ነበር፤ ምሽቱ በሙሉ ግን የፓርቲው አልነበረም። የካዳር ዘመን የባህል መመሪያ ሥራዎችን የሚደገፉ፣ የሚታለፉና የሚከለከሉ ብሎ በሦስት ይከፍል ነበር። ቴሌቪዥኑ የኖረው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ መካከል ነው፤ በ1960ዎቹ የተሰጥኦ ውድድር፣ የሳይንስ ፕሮግራም፣ የዘፈን ፌስቲቫል እያቀረበ አገሩን በአንድ ሰዓት አንድ ቦታ ያስቀምጥ ነበር። ሁለተኛው ፕሮግራም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተጨመረ፤ ቀለሙም በዚያው ዘመን መጣ።

እኔ በ1981 ለትምህርት ቡዳፔስት ስደርስ የመጀመሪያው ግራ መጋባቴ ሰኞ ማታ ነበር። የመኝታ ቤታችን ጠባቂ፣ እናታችን የምትሆን ሴት፣ በጋራ ሳሎኑ ያለውን ቴሌቪዥን በጥልፍ ጨርቅ ሸፍና፣ የአበባ ማስቀመጫ ከላዩ አስቀምጣ ሹራቧን ትሠራ ነበር። ተበላሽቶ መስሎኝ ልነካካው ስል እጄን ያዘችኝና «ሰኞ እኮ ነው» አለችኝ። ሰኞ ሥርጭት አልነበረም፤ እስከ 1989 ድረስም አልነበረም። ሰው የሚጠያየቀው፣ ቲያትር የሚሄደው፣ ካርታ የሚጫወተው ሰኞ ነበር። ይህን የምነግርዎ ለትዝታ ብቻ አይደለም። መንግሥት ቴሌቪዥንን ሕዝብን መቀስቀሻ ብቻ አድርጎ ቢያየው ኖሮ በሳምንት አንድ ቀን ባልዘጋው ነበር፤ ይህን ያላስተዋለ ጽሑፍ ዘመኑን በአንድ ቀለም ብቻ ይቀባዋል።

በዚያው ዓመት ከኦስትሪያ ድንበር ብዙ የማይርቀው ጄር ከተማ አንድ የክፍል ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። አባቱ የኦስትሪያን ጣቢያ ከፍቶ አሳየን፤ ሥዕሉ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ግን ቀለም የለውም፣ ድምፅም የለውም። ሃንጋሪ የምትጠቀመው ሴካም የተባለውን የቀለም ሥርዓት ሲሆን የኦስትሪያው ፓል ነበር፤ ድምፁም ከሥዕሉ የሚርቅበት የሞገድ ልክ ይለያያል፣ የእነሱ 5.5 ሜጋኸርዝ፣ የሃንጋሪው 6.5። ሰውዬው ድምፁን የሚያስተካክል ትንሽ ሰሌዳ በእጁ በይዶ አስገብቶበት ነበር፤ ያን ዕለት እምቢ አለው። ቢሆንም ቤተሰቡ በሙሉ የማይሰማውን ዜና ቁጭ ብሎ አየ። ሃንጋሪ ወደ ፓል የዞረችው በ1990ዎቹ ነው። የቴክኒክ ደረጃም ድንበር እንደሚሠራ ከዚያ ቤት በላይ ያስተማረኝ ክፍል የለም።

ሞገዱ በተቃራኒው አቅጣጫ ድንበር ሲሻገር የሆነውን ደግሞ ጽሑፍዎ ውስጥ ማእከላዊ ቦታ ይስጡት። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሩማኒያ ቴሌቪዥን በሥራ ቀን ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ዝቅ ተደርጎ ነበር፤ ያውም አብዛኛው የመሪው ውዳሴ። የምዕራብ ሩማኒያ ሰው፣ ሃንጋርኛ ተናጋሪውም ሩማኒያዊውም፣ የጎረቤት አገር ጣቢያ ያይ ነበር። የቡዳፔስቱ «ፓኖራማ» ፕሮግራም በጁላይ 1989 ከላስሎ ተኬሽ ጋር በድብቅ የተቀረጸ ቃለ ምልልስ አስተላለፈ። ተኬሽ በቲሚሾዋራ፣ በሃንጋርኛ ስሟ ቴሜሽቫር፣ የተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ነበር። መንግሥት ከቤቱ ሊያስወጣው ተነሣ፤ በዲሴምበር አጋማሽ ምእመናኑ ቤቱን ከበው ቆሙለት፤ ሩማኒያውያን ጎረቤቶቻቸውም ተቀላቀሏቸው፤ ቻውሼስኩን የጣለው አመፅ የተቀጣጠለው ከዚያ ጎዳና ነው። አብዮቱን ቴሌቪዥን ሠራው ብለው ግን እንዳይጽፉ፤ ማጋነን ይሆናል። ቃለ ምልልሱ አንድን ሰው ከድንበሩ በሁለቱም በኩል እንዲታወቅ አደረገው፤ የቀረውን ሕዝቡ ሠራው።

የዚያው ዓመት ጁን 16 ደግሞ በቡዳፔስት የኢምሬ ናጅ ዳግም የቀብር ሥነ ሥርዓት ከጀግኖች አደባባይ በቀጥታ ተላለፈ። በ1956 ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው፣ በ1958 የተሰቀለው ሰው ነው። የ1957ቱ የመጀመሪያ መደበኛ ሥርጭት የተላለፈው ከዚሁ አደባባይ መሆኑን ያስታውሱ። እኔ ያን ቀን በአዲስ አበባ ሆኜ በሬዲዮ ነበር የሰማሁት፤ ምስሉን ከዓመታት በኋላ ሳየው ዕንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ታዲያ «ከዚያ ነጻ ወጣ» ማለት ይቻላል? አይቻልም። በ1989 አዲስ የሞገድ ፈቃድ መስጠት ታገደ፤ የመገናኛ ብዙኃን ሕግ ለማውጣት የፓርላማው ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ስለሚያስፈልግ ፓርቲዎቹ ለዓመታት ሳይስማሙ ቀሩ። ይህ ዘመን በሃንጋሪ «የመገናኛ ብዙኃን ጦርነት» ይባላል። በ1990 የቴሌቪዥኑ ፕሬዚዳንት የሆነው የማኅበረሰብ ተመራማሪው ኤሌሜር ሃንኪሽ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ዮዤፍ አንታል ሊያነሣው ሲፈልግ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት አርፓድ ገንስ አልፈርምም አለ፤ ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሃንኪሽም በ1993 መጀመሪያ ለቀቀ። ሕጉ የጸደቀው በ1995 መጨረሻ ነው። የመጀመሪያዎቹ አገር አቀፍ የንግድ ጣቢያዎች ቲቪ2 እና አርቲኤል ክሉብ አየር ላይ የዋሉት በኦክቶበር 1997፣ በሦስት ቀን ልዩነት ነው። ከለውጡ እስከዚያ ስምንት ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚያ መሐል ነጻውን ምስል የሚይዙት እንደ «ፈከቴ ዶቦዝ» ያሉ ቡድኖች ነበሩ፤ «ጥቁር ሣጥን» ማለት ነው። የሞገድ ፈቃድ ስላልነበራቸው የቀረጹትን በቪዲዮ ካሴት ያዳርሱ ነበር።

እዚህ ላይ ስሞች እንዳያሳስቱዎ ይጠንቀቁ። ኤምቲቪ ሲባል ማጃር ቴሌቪዚዮ፣ የመንግሥቱ ጣቢያ ነው እንጂ የሙዚቃው ጣቢያ አይደለም። ቲቪ2 የመንግሥቱ ሁለተኛ ፕሮግራም አይደለም፤ የንግድ ጣቢያ ሲሆን የሁለተኛውን ፕሮግራም የምድር ሞገድ ነው የወረሰው፤ የመንግሥቱ ኤም2 ወደ ሳተላይት ተገፋ። «አዶ» የሚለው የሃንጋርኛ ቃልም ማሠራጫ ማለትም ነው፣ ግብር ማለትም ነው። የኮምፒውተር ትርጉም አንዱን በሌላው ይተካል፤ በተለይ በ2014 ስለወጣው የማስታወቂያ ግብር ሲያነቡ በእጅጉ ያምታታዎታል። ያ ግብር ከሁሉ አብልጦ የከበደው በአርቲኤል ክሉብ ላይ ነበር።

ከ2010 በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ ግን በግልጽ ይጻፉት። በ2011 ኤምቲቪአ የተባለው ተቋም የቴሌቪዥኑን፣ የዱናን፣ የሬዲዮውንና የዜና አገልግሎቱን ሥራ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰበሰበ፤ በ2015 ሁሉም ዱና በሚል ስም በአንድ ኩባንያ ተጠቃለሉ። በዲሴምበር 2011 በምሽት ዜና ላይ የቀድሞው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ዞልታን ሎምኒቺ ፊት ሆን ተብሎ እንዲደበዝዝ ተደርጎ ታየ፤ ከጣቢያው ጋዜጠኞች አንዳንዶቹ የረሃብ አድማ አደረጉ። ቲቪ2ም በ2015 የመንግሥት የፊልም ኮሚሽነር በነበረው በአንዲ ቫይና እጅ ገባ፤ ዜናውም ወደ መንግሥት አዘነበለ። በእኔ ዕይታ የዚህ ዘመን ጉዳት ሳንሱሩ ብቻ አይደለም። ከድንበር ማዶ ላሉት ተብሎ የተሠራው፣ ከፓርቲ ንትርክ ከፍ ብሎ የባህል ቤት የነበረው ዱና የራሱ አርታኢ፣ የራሱ ድምፅ የሌለው የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ክፍል ሆነ። የሴኬይ ምድር ተመልካች የሚያየው የቡዳፔስትን ጠብ ሆነ። ይህ ያሳዝነኛል፤ አልደብቅም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። በመንግሥታት መከፋፈሉን ይተዉት። ጽሑፍዎን «ሞገዱን ማን ይይዘዋል፣ ለማንስ ይደርሳል?» በሚል አንድ ጥያቄ ላይ ያቁሙትና አራት ምዕራፍ ያውጡለት። የመጀመሪያው ከስልክ ዜና ነጋሪው እስከ 1957፣ ሁለተኛው አንድ ድምፅ ብቻ የነበረበት ግን ሞገዱ ድንበር የተሻገረበት ዘመን እስከ 1989፣ ሦስተኛው ከሞገድ እገዳው እስከ ንግድ ጣቢያዎቹ 1997፣ አራተኛው ከዚያ ወዲህ ያለው ይሁን። የአናሎግ ሥርጭት በኦክቶበር 2013 የተዘጋበትን በአራተኛው ውስጥ በአንድ አንቀጽ ይለፉት። ኖቪ ሳድንና ቡካሬስትን ከሁለተኛው ምዕራፍ ጀምሮ በየምዕራፉ ይዘው ይሂዱ እንጂ መጨረሻ ላይ እንደ ተጨማሪ አይለጥፏቸው።

የሥራው ወሰንም ይታወቅ። ሃንጋርኛዎ ገና ጀማሪ ከሆነ ዜና መተንተን አይሞክሩ፤ ጊዜዎ አይበቃም። በምትኩ የፕሮግራም ዝርዝር ያንብቡ፤ ሰዓትና ርዕስ ብቻ ስለሆነ በመዝገበ ቃላት ይገፋል። «ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጋዜጣ» የሚባለው ሳምንታዊ የፕሮግራም መጽሔት አሮጌ ቅጂዎች በቡዳፔስት ቤተ መጻሕፍት አሉ። ለአዲሱ ዘመን ናቫ የተባለው ብሔራዊ የምስልና የድምፅ ቤተ መዛግብት ከ2006 ጀምሮ የተላለፈውን ያስቀምጣል፤ የሚታየውም በየቤተ መጻሕፍቱና በየዩኒቨርሲቲው በተከፈቱ የናቫ ማዕከላት ስለሆነ ከዩኒቨርሲቲዎ ቤተ መጻሕፍት ይጠይቁ። ከ1965፣ ከ1985 እና ከ1998 አንድ አንድ የማርች ሳምንት ይውሰዱ፤ ምን በስንት ሰዓት እንደተላለፈ፣ የትኛው ጣቢያ እንደነበረ በሰንጠረዥ ይጻፉ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሰኞውን ዓምድ ባዶ ሆኖ ያገኙታል፤ ባዶውን እንዳለ ወደ ሰንጠረዥዎ ይገልብጡት።